ምዕራፍ ሰባት፦ በረዶ የማያውቀው አፈር ለምን ይነሳል?

በምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች፣ በጭሮ፣ በሂርና ወይም በበዴሳ፣ አዲስ የተነጠፈ አስፋልት በጥቂት ክረምት ውስጥ ሲጎብጥ፣ የአንድ ቤት ግድግዳ ከመስኮቱ ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ ሲሰነጠቅ፣ ጥፋቱ ቶሎ የሚወድቀው በሲሚንቶ ማነስ ወይም በኮንትራክተሩ ላይ ነው። ወቀሳው አንዳንዴ እውነት አለው። ብዙ ጊዜ ግን ግድግዳውን የሰነጠቀው ከሥሩ ያለው አፈር ነው፤ ውሃ ጠጥቶ ተነስቷል፣ ሲደርቅ ተመልሶ ወርዷል፣ የላዩን ሥራም ይዞት ወጥቷል፣ ይዞትም ወርዷል። አፈር እንዲህ እንደሚነሳ በላቦራቶሪ አስቀድሞ ማወቅ ይቻላል። ነገር ግን ፈተናው ዋጋ የሚኖረው አፈሩ በተኛበት ቦታ ውሃ ከየት እንደሚያገኝ፣ መቼ እንደሚያገኝና ስንት ጊዜ እየረጠበ እንደሚደርቅ አብሮ ከጠየቀ ነው። ይህን ጥያቄ አጥርተው የጠየቁት መሬታቸው በብርድ ወራት የሚረጋባቸው ሀገሮች ናቸው። የእነሱ ቁጥሮች ለጭሮ አይሠሩም፤ የጥያቄአቸው አካሄድ ግን በጣም ይሠራል። ስለዚህ ኮቲቻ ወደሚባለው የራሳችን ጥቁር አፈር ከመመለሳችን በፊት ወደ ቀዝቃዛው ምድር ጎራ ማለት ይኖርብናል።

በሰሜን አሜሪካና በሰሜን አውሮፓ መንገዶች በብርድ ወራት እንደሚያብጡ ከጥንትም ይታወቅ ነበር። የተሰጠው ምክንያትም ቀላል ነበር፤ ውሃ ወደ በረዶነት ሲለወጥ መጠኑ በ9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፣ ስለዚህ በአፈሩ ውስጥ ያለው ውሃ ሲረጋ አፈሩ ያብጣል። ሒሳቡ ግን አልገጥም አለ። ከጠቅላላ መጠኑ 40 በመቶው ውሃ የሆነ አንድ ሜትር ውፍረት ያለው አፈር ሙሉ በሙሉ ቢረጋ ከፍታው የሚጨምረው ከ4 ሳንቲሜትር በታች ነው። በሜዳ ላይ የታየው ደግሞ አንዳንድ ቦታ ከዚህ ብዙ እጥፍ የሚበልጥ መነሳት ነበር። እንቆቅልሹን የፈታው አሜሪካዊው የሥነ ምድር ተመራማሪ ስቲቨን ቴበር ነው። እ.ኤ.አ. በ1929 እና በ1930 ባወጣቸው ጽሑፎች ያቀረበው ሙከራ እስከ ዛሬ የሚደነቅ ነው፤ አፈሩን በውሃ ፈንታ፣ ሲረጋ ከመስፋት ይልቅ በሚኮማተር ሌላ ፈሳሽ ሞልቶ አቀዘቀዘው። አፈሩ ግን አሁንም ተነሳ። የመነሳቱ ምንጭ የፈሳሹ መስፋት ቢሆን ኖሮ ይህ ፈጽሞ ሊሆን አይችልም ነበር።

እውነተኛው ምክንያት የውሃ ጉዞ ነው። ቅዝቃዜው ከላይ ወደ ታች ሲገባ፣ በሚረጋው ድንበር ላይ ያለው አፈር ከሥሩ ያልረጋውን ውሃ የኩራዝ ክር ጋዝ እንደሚስብ ወደ ላይ ይስባል። የተሳበው ውሃ ድንበሩ ላይ ሲደርስ ንጹሕ የበረዶ ንብርብር ይሆናል፤ ንብርብሩ እየወፈረ የላዩን አፈር ይገፋል። እንግዲህ መነሳቱን የሚወስነው አፈሩ አስቀድሞ የያዘው ውሃ ሳይሆን ከታች ሊስበው የሚችለው ነው። ለዚህም ሁለት ነገሮች በአንድ አፈር ላይ መገናኘት አለባቸው፤ የመሳብ ኃይልና ውሃን የማሳለፍ ችሎታ። አሸዋ ውሃን በፍጥነት ያሳልፋል፣ የመሳብ ኃይሉ ግን ደካማ ነው። ሸክላ አፈር ኃይለኛ ሳቢ ነው፣ ውሃውን ግን እጅግ በዝግታ ያሳልፋል። በመካከላቸው ያለው ደለል ሁለቱንም በበቂ መጠን ስለያዘ በቀዝቃዛ ሀገሮች ከሁሉ የሚፈራው እሱ ነው። መሐንዲሱ አርተር ካሳግራንዴ እ.ኤ.አ. በ1931 ያወጣው መመዘኛ ከዚህ የተነሳ ነው፤ የተለያየ መጠን ያለው ጠጠርና አሸዋ የተቀላቀለበት አፈር፣ ከ0.02 ሚሊሜትር የሚያንሰው ቅንጣቱ ከ3 በመቶ በላይ ከሆነ፣ በቅዝቃዜ ሊነሳ ይችላል ተብሎ ይጠረጠራል።

ጥርጣሬው የሚጣራው በላቦራቶሪ ነው። በአሜሪካ መመዘኛ መሠረት 15 ሳንቲሜትር ገደማ ቁመትና ስፋት ያለው የአፈር ናሙና በሲሊንደር ውስጥ ይጠቀጠቃል፣ ከላይ ይቀዘቅዛል፣ ከሥሩ ግን ሁልጊዜ ውሃ ይቀርብለታል። ይህ የውሃ አቅርቦት የፈተናው ልብ ነው፤ ቢዘጋ ኖሮ ፈተናው ቴበር ውድቅ ያደረገውን የድሮውን ሐሳብ መልሶ ይለካ ነበር። አምስት ቀን በሚወስደው ሥራ ናሙናው ሁለት ጊዜ እንዲረጋና ሁለት ጊዜ እንዲቀልጥ ይደረጋል። ሁለት ጊዜ የሆነው የመጀመሪያው መርጋት የአፈሩን ውስጣዊ አደረጃጀት ስለሚለውጠው ነው፤ ሁለተኛው ውጤት ከመጀመሪያው ሊለይ ይችላል። በመርጋት የመጀመሪያ ሰዓታት የተለካው የመነሳት ፍጥነት በቀን ከ1 ሚሊሜትር በታች ከሆነ አፈሩ አያሰጋም፣ ከ16 በላይ ከሆነ ደግሞ እጅግ አስጊ ተብሎ ይመደባል። በመጨረሻም የቀለጠው ናሙና ጥንካሬ ሲቢአር በሚባለው የመንገድ አፈር የጥንካሬ መለኪያ ይለካል። ይህ የመጨረሻው እርምጃ ብዙ አስተውሎት ያለበት ነው፤ መንገድ በአብዛኛው የሚፈርሰው በረዶው ሳለ አይደለም፣ በረዶው ቀልጦ አፈሩ በውሃ ሲጥለቀለቅና መኪና ሲያልፍበት ነው።

እዚህ ላይ አንባቢ ቢቆጣ አይፈረድበትም። ጭሮ ከምድር ወገብ 9 ዲግሪ ብቻ ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት። ሚኤሶና ቦርዶዴ ከዚያም ዝቅ ብለው በቆላው አፋፍ ይገኛሉ። በረዶ እዚህ ምን አገባው? በዙሪያው ባሉት የጨርጨር ከፍታዎች ላይ በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ ወርዶ ሰብል ሊያቃጥል ይችላል፤ ሰብል ማቃጠልና መሬት ማርጋት ግን የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የአንድ ሌሊት ቅዝቃዜ በአፈር ውስጥ ጉልህ ሆኖ የሚሰማው እስከ 10 ወይም 15 ሳንቲሜትር ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ ይሸነፋል። በዓመት አንዴ የሚመጣ ለወራት የሚዘልቅ ብርድ ግን፣ በሙቀት ስርጭት ሕግ መሠረት፣ ከዕለታዊው 19 ጊዜ ያህል ጠልቆ ይገባል። ለመንገድ መሠረት የሚያሰጋው ይህ ነው፣ የእኛ ሀገር ደግሞ ይህ ዓይነቱ ብርድ የለውም። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የባሌ ሳነቴ አምባ እንኳ ዛሬ የሚታየው የሌሊት ውርጭ ከላይኛው ቅርፊት አያልፍም። እዚያ በረድፍ የተደረደሩትን ግዙፍ የድንጋይ መስመሮች ያጠኑ ተመራማሪዎች፣ እንዲህ ያለ ሥራ ሊሠራ የሚችለው ከዛሬው በብዙ የቀዘቀዘ ጥንታዊ ዘመን ብቻ እንደሆነ ደምድመዋል። ጭሮን በቀድሞ ስሟ አሰበ ተፈሪ ብለው የቆረቆሩት የጨርጨር ገዥ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በልጅነታቸው ሩሲያ ሄደው የተማሩ፣ በበረዶ የጠነከረ መሬት ምን እንደሚመስል የሚያውቁ ሰው ነበሩ፤ በአዲሲቱ ከተማቸው ግን ያ ሥጋት አልነበረባቸውም።

ስለዚህ ተቃውሞው በአንድ በኩል ሙሉ በሙሉ ትክክል ነው፤ በጭሮ የመርጋት ፈተና ማካሄድ ገንዘብ ማባከን ነው። የእንግሊዝ የመንገድ ምርምር ላቦራቶሪ ይህን የቀዝቃዛና የሞቃት ሀገር ልዩነት በራሱ ሥራ አሳይቷል። ለእንግሊዝ ሀገር የአፈርን በቅዝቃዜ መነሳት የሚለካ ፈተና አዘጋጅቷል፤ በዚያ ሀገር አሠራርም ከመንገዱ ገጽ እስከ 450 ሚሊሜትር ጥልቀት ድረስ በቅዝቃዜ የሚነሳ ቁስ እንዳይገባ ይደረጋል። ለሞቃት ሀገሮች ባዘጋጀው ኦቨርሲስ ሮድ ኖት 31 በሚባለው መመሪያ ግን ትኩረቱ የመሠረቱ አፈር እርጥበትና ጥንካሬ ላይ ነው፤ የአፈር ጥንካሬን ከኤስ1 እስከ ኤስ6 በስድስት ደረጃ ይከፍላል፣ ሀገራችንም ይህን አከፋፈል በመንገድ ንድፍ መመሪያዋ ተጠቅማበታለች። አንድ ተቋም ለሁለት የአየር ንብረት ሁለት ዓይነት ጥያቄ ጠየቀ ማለት ነው። እኔ የምከራከረው ከዚህ አንድ እርምጃ አልፌ ነው፤ «ሞቃት ሀገር» የሚለው ስም በራሱ ሰፊ ስለሆነ፣ ለጨርጨር ሸለቆዎች ሦስተኛ ጥያቄ ያስፈልጋቸዋል።

የምዕራብ ሐረርጌ ከተሞች የተሠሩበት መሬት አንድ ዓይነት አይደለም። የአሸዋ ድንጋይና የኖራ ድንጋይ ንብርብሮች አሉ፤ በመቻራ ዙሪያ ያሉት ዋሻዎች በዚህ የኖራ ድንጋይ ውስጥ የተቦረቦሩ ናቸው። በብዙ ቦታ ከእነዚህ በላይ የእሳተ ገሞራ ባዛልት ተነጥፏል። ባዛልት ለረጅም ዘመን ሲበሰብስ፣ በተለይ ውሃው በቀላሉ በማይወጣበት ሜዳና የሸለቆ ወለል ላይ፣ ስሜክታይት የሚባል የሸክላ ማዕድን የበዛበት ጥቁር አፈር ይፈጠራል። በኦሮምኛ ኮቲቻ፣ በአማርኛ ዋልካ ወይም መረሬ የሚባለው ይህ ነው። በሂርና ሜዳ የሚታረሰው ጥቁር አፈር የዚህ ዘር ነው። በኢትዮጵያ ይህ ዓይነት አፈር 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ገደማ ይሸፍናል ተብሎ ይገመታል፤ ከዚህም ከግማሽ በላይ የሚሆነው በደጋው ነው። ስሜክታይት እጅግ ቀጭን የሆኑ ቅጠሎች የተነባበሩበት ማዕድን ነው፤ ውሃ በቅጠሎቹ መካከል እየገባ ያራርቃቸዋል፣ ሲደርቅ ይጠጋጋሉ። መሬቱ በበጋ እግር በሚያስገባ ስንጥቅ የሚተረተረው፣ በዝናብ ደግሞ ጫማ ይዞ የሚያስቀረው ለዚህ ነው።

የጨርጨር የአየር ንብረት ይህን ባሕርይ ያባብሰዋል። አካባቢው በልግም ክረምትም አለው። ከየካቲት መጨረሻ ጀምሮ በልጉ ይጥላል፣ በመካከል ይተዋል፣ ከዚያ ክረምቱ ይገባል፣ ከጥቅምት በኋላም ረጅሙ በጋ። አፈሩ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለት ጊዜ ያብጣል፣ ሁለት ጊዜም ይኮማተራል፤ ሁለተኛው መኮማተር ከፊተኛው ይጠልቃል። የቀዝቃዛው ሀገር ፈተና ናሙናውን ሁለት ጊዜ አርግቶ ሁለት ጊዜ የሚያቀልጠው የመጀመሪያው ዙር አፈሩን ስለሚለውጠው ነው ብለናል። የጨርጨር ሰማይ ያንኑ በየዓመቱ በዝናብና በፀሐይ ያደርገዋል። ሆኖም አደገኛው አፈር ቦታ ተለዋውጧል። በካናዳ የሚፈራው ደለል በጭሮ በአመዛኙ ጨዋ ነው፤ በካናዳ በዝግታው ምክንያት ከደለል ያነሰ የሚያስፈራው ሸክላ ደግሞ፣ ስሜክታይት ከሆነ፣ በጭሮ ከሁሉ የከፋ ነው። የካሳግራንዴን የ3 በመቶ መመዘኛ ከውጭ ሰነድ እንዳለ የገለበጠ የጨረታ ዝርዝር ቢኖር፣ ጥቂት ደለል ያለበትን ጥሩ ገረጋንቲ ያለ በደሉ ያስጥላል፤ ስለ ሸክላው ማዕድን ዓይነት ግን አንዲት ቃል አይጠይቅም።

ታዲያ ምን ዓይነት ፈተና? ቀላሉ ነጻ የማበጥ ፈተና ነው። በ0.425 ሚሊሜትር ወንፊት ያለፈ 10 ሚሊ ሊትር ደረቅ አፈር ውሃ በሞላበት የ100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ቀስ ተብሎ ይፈስሳል፣ በማግስቱ የተቀመጠው አፈር ይነበባል። 20 ላይ ከደረሰ 100 በመቶ አበጠ ይባላል፣ ያ ደግሞ ለቀላል ግንባታ የማያሻማ ማስጠንቀቂያ ነው። ከ50 በመቶ በታች ሲሆን አብዛኛውን ጊዜ ችግር አይፈጥርም። ከዚህ የጠለቀው በኢዶሜትር የሚሠራው ነው። 2 ሳንቲሜትር ገደማ ውፍረት ያለው፣ ሳይፈርስ የተቆረጠ ናሙና በብረት ቀለበት ውስጥ ሆኖ ክብደት ይጫንበታል፣ ውሃ ይጨመርበታል፣ መነሳቱ እስከ መቶኛ ሚሊሜትር ድረስ ይነበባል። ናሙናው 1 ሚሊሜትር ቢነሳ 5 በመቶ ነው፤ ከቤት ሥር 1.5 ሜትር አፈር በዚያው መጠን ቢያብጥ 7.5 ሳንቲሜትር ይሆናል። አፈሩ እንዳይነሳ ለማፈን የሚያስፈልገው ጫናም በዚሁ መሣሪያ ይለካል። ኃይለኛ ዋልካ በካሬ ሜትር ከ20 ቶን የሚበልጥ ግፊት ሊያሳይ ይችላል፣ ፎቅ የሌለው ቤት ደግሞ በመሠረቱ ላይ የሚጥለው ጫና ከዚህ ብዙ ጊዜ ያንሳል። በአንድ ሰፈር ከፎቁ ይልቅ ትንሹ ቤት፣ አጥሩና የእግረኛ መንገዱ የሚሰነጠቁበት ምክንያት ይህ ነው።

በመንገድ ሥራ በብዛት የሚታየው ግን ሦስተኛው ነው፤ የሲቢአር ናሙናን አራት ቀን ውሃ ውስጥ ነክሮ ያበጠውን መለካት። ይህ ፈተና ጠቃሚ ነው፣ በብዙ ላቦራቶሪም ስለሚሠራ ውጤቶችን ለማነጻጸር ይመቻል። ጉድለቱ ግን አንድ ጊዜ ብቻ መጠየቁ ነው። ሸክላ ውሃን በዝግታ ስለሚያሳልፍ በአራት ቀን ውስጥ ወደ ናሙናው መሐል የሚገባው ውሃ ሊያንስ ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ናሙናው ደርቆ ተሰንጥቆ ድጋሚ ቢረጥብ ምን እንደሚሆን አይነግረንም። በተደጋጋሚ እያረጠቡና እያደረቁ የተሠሩ ሙከራዎች የሚያሳዩት ቁም ነገር አለ። የማበጡ መጠን ከሦስት እስከ አምስት ዙር በኋላ ወደ አንድ የተረጋጋ እሴት ይጠጋል፣ እሴቱ ግን በአደራረቁ ይወሰናል። አፈሩ በየዙሩ በከፊል ብቻ ሲደርቅ ማበጡ እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ግን ከመጀመሪያው ዙር በልጦ ሊገኝ ይችላል። የሂርናን በጋና የሚኤሶን በጋ ለየብቻ ማየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። አንድ ዓይነት ሸክላ በሁለቱ ከተሞች ሁለት ዓይነት ጠባይ ሊኖረው ይችላል።

ከሁሉ የሚከብደው ተቃውሞ ከገበሬው ወገን የሚመጣው ነው፤ ኮቲቻን ለይቶ ለማወቅ ላቦራቶሪ ምን ያስፈልጋል? ሞፈር የያዘ ሁሉ ያውቀዋል። ይህ እውቀት እውነተኛ ነው፤ ቦታ ለመምረጥ ከብዙ ካርታ ይሻላል፣ ግንበኛም የአካባቢውን አራሽ ሳይጠይቅ መሠረት መቆፈር የለበትም። ሆኖም አራሹ የሚያውቀው ማረሻው የሚደርስበትን ድረስ ነው፤ ከቀይ አፈር ወይም ከተዳፋት ከወረደ ደለል ሥር የተቀበረ ጥቁር ንብርብር አይታየውም። ግፊቱ ስንት እንደሆነም ዓይን አይለካም። ነጻ የማበጥ ፈተና ወንፊት፣ ማድረቂያ፣ ሲሊንደርና አንድ ሌሊት ብቻ ስለሚፈልግ፣ ጭሮ ባለው ኦዳ ቡልቱም ዩኒቨርሲቲም ሆነ በማንኛውም የግንባታ ቦታ ላቦራቶሪ ለመሥራት አቅም አያንስም። ለሚሠራው ቤት ከሚወጣው ገንዘብ ጋር ሲተያይ ወጪው ኢምንት ነው።

ሌላው ደግሞ «ቆፍረን አውጥተን ሰሌክት (የተመረጠ ጠጠራማ አፈር) እንሞላበታለን፣ ስለዚህ ፈተናው ትርፍ ነው» የሚለው ነው። ማውጣቱ ጥሩ መፍትሔ ነው፣ እስከ ስንት ሜትር የሚለውን ግን ያለ ፈተና ማን ይመልሰዋል? ከዚህ በላይ፣ በሸክላ ጉድጓድ ውስጥ የተሞላ ጠጠራማ አፈር መውጫ ካልተበጀለት ውሃ የሚያጠራቅም ገንዳ ይሆናል፤ ከሥሩና ከጎኑ ያለውን ዋልካ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣዋል። የቀዝቃዛው ሀገር መሐንዲሶች ብርዱን ማስቀረት እንደማይችሉ ሲያውቁ የውሃውን መንገድ ወደ መቁረጥ ዞሩ፤ ውሃ የማይስብ ጠጠር በመካከል አነጠፉ፣ ቦይ ቆፈሩ። በጨርጨርም ሰማዩን የሚያዝ የለም። የጣራን ውሃ በአሸንዳ ከግድግዳው ማራቅ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድን ከመሠረት ማስወገድ፣ የፈነዳ ቧንቧን ቶሎ መጠገን፣ ባሕር ዛፍን ከግድግዳ ማራቅ ግን ይቻላል። የመንገድ ትከሻንም እንዲሁ፤ አስፋልቱ መሐሉን ስለሚከድነው እዚያ ያለው እርጥበት ብዙ አይለዋወጥም፣ ጠርዙ ግን ከእያንዳንዱ ዝናብ ጋር ይነሳል፣ ከእያንዳንዱ በጋ ጋር ይወርዳል፤ በትከሻው ትይዩ የሚሮጡት ረጃጅም ስንጥቆች የዚህ ልዩነት ውጤት ናቸው። ትከሻውን ማሸግና የጎርፍ ቦዩን ከጠርዙ ማራቅ ንጣፉን ከማወፈር በፊት መታሰብ አለበት።

ይህ ሁሉ ሲሆን ናሙናው የተወሰደበት ወር ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ማበጥ አፈሩ አስቀድሞ በያዘው እርጥበት ላይ የተመሠረተ ነው። በነሐሴ ከሂርና ሜዳ በእርጥበቱ ተቆርጦ ወደ ኢዶሜትር የገባ ሸክላ አብዛኛውን ማበጡን በመሬት ውስጥ ጨርሷል፤ በቀለበቱ ውስጥ ጥቂት ብቻ ይነሳል፣ ሪፖርቱም አፈሩን ገር ያደርገዋል። ያው አፈር በጥር መጨረሻ፣ በልጉ ሳይጀምር፣ ከተሰነጠቀው መሬት ቢወሰድ ያለውን ሁሉ ያሳያል። የነሐሴው ናሙና ሐሰተኛ አይደለም፤ በነሐሴ ተሠርቶ በጥር ለሚደርቅ ቤት የሚያሳስበው እንዲያውም የሚመጣው መኮማተር ስለሆነ ለእሱ የሚሆን ሌላ መለኪያ ይፈልጋል። በበጋ ተቆፍሮ በበጋ ለሚገነባው ግን ወሳኙ በጥር የተወሰደው ናሙና ንባብ ነው። በጨርጨር ግንባታ በአብዛኛው የሚጀመረው ዝናብ ሲያቆም ስለሆነ፣ የአፈር ሪፖርት ተቀብሎ መሠረት የሚያስጀምር የከተማ አስተዳደር ወይም አማካሪ ከቁጥሩ ጎን ሦስት ነገሮች ተጽፈው እንዲቀርቡለት መጠየቅ አለበት፤ ናሙናው የተቆረጠበት ወር፣ በዚያ ጊዜ የነበረው እርጥበት፣ ከስንት ሜትር ጥልቀት እንደወጣ።